ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን ለእኛም ይናገር

እህቶቼ፣ ባለፈው እሁድ ስንገናኝ ስለ ቴሌቪዥን ያነሳሁት ነገር ብዙ አከራከረን። አንዳንዶቻችሁ ሳቃችሁብኝ። «ደሞዝ ያልተከፈላት፣ ፓስፖርቷ የተያዘባት እያለች አንቺ ስለ ቴሌቪዥን ታወሪያለሽ» አላችሁኝ። አልፈርድባችሁም፤ ሲሰሙት ቅንጦት ይመስላል። ግን ሰዓት ስላልነበረን ሐሳቤን አልጨረስኩም፤ አሁን በጽሑፍ ልጨርሰው። የተማርኩት እስከ አሥረኛ ነውና የፊደል ስህተት ካለ ይቅር በሉኝ።

የምለው አጭር ነው። የመንግሥት ቴሌቪዥን የሕዝብ ነው ከተባለ፣ በየቤቱ የምንኖር እኛም ከሕዝቡ ልንቆጠር ይገባል። ቢያንስ አደጋ ሲመጣ በቋንቋችን «ውጡ» ሊለን ይገባል። ለምን እንደዚህ እንደምል ከልጅነቴ ጀምሬ ልንገራችሁ።

እኛ ሰፈር ቴሌቪዥን የነበረው አንድ ቤት ብቻ ነበር። ጫማ ያለን በር ላይ አውልቀን መሬት ላይ ተደርድረን እናያለን። የቤቱ ባለቤት እትዬ እግሩን ያልታጠበ ልጅ አያስገቡም ነበር። አባባ ተስፋዬን ያየሁት እዛ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር አብረው ጀምረው እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስ ለልጆች ተረት ያወሩ ሰው ናቸው። አርባ ሁለት ዓመት ማለት ነው። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች» ሲሉ እኛ እውነት የሚሰሙን መስሎን ጮኸን እንመልስላቸዋለን። እኔ የድሃ ልጅ ነበርኩ፤ ግን እሳቸው «ልጆች» ሲሉ እኔንም እንደሚጨምር አልጠራጠርም ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ደግሞ ሌላ ቴሌቪዥን አገኘሁ፤ ፕላዝማ። ከ1997 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃው የተተከለውን ሁላችሁም ታስታውሱታላችሁ። ትምህርቱ በሳተላይት ነው የሚመጣው፣ አስተማሪው በእንግሊዝኛ ይሮጣል። ጥያቄ ይሰጣል፤ እኛ ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ መልሱን ተናግሮ አልፏል። አይቆምም፣ አይደግምም፣ ማን እንደቀረ አያይም። መብራት ከሄደ ደግሞ ትምህርቱም አብሮ ሄደ። ቴሌቪዥኑ ክፍላችን ውስጥ ነበር፤ የሚያወራው ግን ለእኛ አልነበረም። አሥረኛ ላይ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀረ። ሁሉንም በፕላዝማ አላሳብብም፣ እኔም ሰነፍኩ። ግን ትልቅ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ምንም አለመስማት ምን እንደሆነ ያኔ አውቄዋለሁ።

ቤሩት የመጣሁ ጊዜ የገባሁበት ቤት የአንዲት አሮጊት ቤት ነው። ቴታ እላቸዋለሁ። ቴታ ከቴሌ ሊባን ሌላ ጣቢያ አይወዱም። አቡ ሰሊም የሚባለውን ጥቁርና ነጭ ኮሜዲ ሲያሳይ እንባቸው እስኪፈስ ይስቃሉ። አቡ መልሄም ደግሞ የተጣሉ ሰዎችን የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው፤ እኔ የሀገሬን ሽምግልና ያስታውሱኛል። ቴታ እያቆሙ «ይኼ ምን አለ መሰለሽ?» ብለው ቀለል አድርገው ያስረዱኛል። ዐረብኛ የለመድኩት በዚህ ነው። የማዳም ዐረብኛ እኮ «ጂቢ፣ ሹፊ፣ ነድፊ» ብቻ ነው፤ በሱ ሰው አይኮንም።

ስለ ጣቢያው የማውቀውን ልንገራችሁ። በቤሩት ቴሌቪዥን የተጀመረው በግንቦት 1959 እ.ኤ.አ. ነው። በ1962 ሌላ ሁለተኛ ኩባንያ መጣ፤ በጦርነቱ ዘመን በ1977 ሁለቱን አዋህደው ቴሌ ሊባን አሉት። አንድ ነገር አስተውሉልኝ። የ1959ኙ ጣቢያ ገና ሲጀምር ሁለት ቻናል ነበረው፤ በአንዱ ዐረብኛ፣ በሌላው ፈረንሳይኛ። ማለት በአንድ ከተማ የሚኖር ሰው ሁሉ አንድ ቋንቋ እንደማይናገር ያኔም ታውቋል። ዛሬ በዚህ ከተማ በየፎቁ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሲንሃላ፣ ቤንጋሊ፣ ስዋሂሊ ይነገራል። በ1959 የታሰበው ነገር ዛሬ የማይታሰብበት ምክንያት አይታየኝም።

ጥሩ ሲሠራም አይቻለሁ፣ እሱን መደበቅ አልፈልግም። በ2020 ኮሮና ትምህርት ቤት ሲያዘጋ ለፈተና ተማሪዎች ትምህርት በቴሌ ሊባን ይተላለፍ ነበር። እኔ ልብስ እየተኮስኩ የሒሳቡን ትምህርት ሳይ ፕላዝማዬ ትዝ አለኝ። ኢንተርኔት መግዛት ያቃተው ልጅ፣ ቤቱ አንቴና ካለ ይማራል። የሕዝብ ቴሌቪዥን ሥራ ይኼ ነው፦ ገንዘብ የሌለው ሰው እንዳይቀር ማድረግ። እሱም ድሃ ሆኗል። በነሐሴ 2023 ሠራተኞቹ ያልተከፈላቸውን ጠይቀው ሥራ በማቆማቸው ስርጭቱ ለጥቂት ቀናት ተቋርጦ ነበር። ቴታ ባዶውን ስክሪን እያዩ ሲያዝኑ፣ እኔ ግን በልቤ «አይዟችሁ፣ እኛም እናውቀዋለን» አልኳቸው። ሊራው ሲወድቅ ደሞዛቸው እንደረከሰ፣ የኛም ዶላር ያኔ ነው የቀረው። ሳንተዋወቅ አንድ ችግር ቀምሰናል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

በ2024 መስከረም መጨረሻ ላይ ድብደባው ሲበረታ ሁላችሁም የት እንደነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። አንዲት የሰፈሬ ልጅ ከመጣች አራት ወሯ ነበር። ስሟን አልጠራም። የቤቱ ሰዎች ሻንጣቸውን ይዘው «ነገ እንመለሳለን፣ ቤቱን ጠብቂ» ብለው በሩን ከውጭ ቆልፈው ሄዱ። ቴሌቪዥኑን እንኳ አላጠፉትም። ሌሊት በድብቅ በያዘቻት ስልክ ደወለችልኝ። «እህቴ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ካርታ አለ፣ አንድ ፎቅ በቀይ ተቀብቷል፣ የመብራት ነገር መሰለኝ» አለችኝ። ልቤ ቀጥ አለ። ምን ይላል ስላት አታውቅም፤ የሚነገረው የዜና ዐረብኛ ነው፣ ጽሑፉን አታነብም። «ስልክሽን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጊው» አልኳት። አስጠጋችው። ሰውየው የሰፈሩን ስም ጠርቶ ሕንፃውንና ዙሪያውን ለቃችሁ ራቁ እያለ ነበር። ሰፈሩ የሷ ሰፈር ነው።

ጩኺ፣ በሩን ደብድቢ፣ በረንዳ ላይ ወጥተሽ ጩኺ አልኳት። ናጡሩ ገና አልሄደም ነበርና ሰምቶ በሩን ሰብሮ አወጣት። በባዶ እግሯ እስከ ባሕር ዳር ሄዳ ሌሊቱን ከሌሎች ጋር መሬት ላይ አደረች። ዛሬ በሕይወት አለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን አስቡት። የሚያድናት ወሬ የነበረው ከእሷ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ነው። በስልክ ለእኔ አሰምታኝ፣ እኔ ደግሞ ተርጉሜ እስክመልስላት ድረስ ለእሷ ድምፅ ብቻ ነበር። የእኔ ስልክ ቻርጅ ጨርሶ ቢሆንስ? ተኝቼ ቢሆንስ?

እሷ ብቻ አይደለችም። የዓለም አቀፍ የፍልሰት ድርጅት (አይ ኦ ኤም) በዛ ጦርነት ጊዜ በሊባኖስ ወደ 170 ሺህ የሚጠጉ ስደተኛ ሠራተኞች እንዳሉ፣ ብዙዎቹም ሴት የቤት ሠራተኞች እንደሆኑና አሠሪዎቻቸው ትተዋቸው የሸሹም እንዳሉ ተናግሯል። ይኼ ሁሉ ሰው በአንድ ትልቅ ከተማ ልክ ነው። የአንድ ከተማ ሰው «ውጡ» ሳይባል እንዴት ይታደራል?

እሁድ ዕለት ሦስት ነገር ተቃወማችሁኝ፤ አልረሳሁትም።

አንደኛ «ስልክ አለን፣ ቲክቶክ አለን፣ ቴሌግራም አለን፣ ማን ቴሌቪዥን ያያል?» አላችሁ። ፍሪላንስ ለምንሠራው ልክ ነው። ኮንትራት ላይ ያለችው ግን ስልኳ ማዳም እጅ ነው። ያልተቀማባትም ካርድ ያልቅባታል። ቴሌቪዥን ግን ቤቱ ውስጥ ነው፣ ካርድ አይጠይቅም፣ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። ማዳም ስልክ መቀማት ትችላለች፤ የሳሎኑን ቴሌቪዥን ለራሷ ስትል አትዘጋውም። በቴሌግራም የሚመጣው ወሬ ደግሞ ግማሹ ውሸት መሆኑን ራሳችሁ ታውቃላችሁ። በጦርነቱ ሰሞን «መርከብ መጥቷል፣ ወደብ ሂዱ» የሚል ወሬ አምነው ሻንጣ ተሸክመው ተንከራተው የተመለሱ ልጆች አውቃለሁ።

ሁለተኛ «ዜጋ አይደለንም፣ ግብር አንከፍልም» አላችሁ። ኧረ እንከፍላለን! ካርድ ስንሞላ፣ ሻምፖ ስንገዛ 11 በመቶ ቫት አለበት። ዜጋ አለመሆናችን እውነት ነው። ግን የቤቱን ልጅ የምታሳድገው፣ አሮጊቷን ደግፋ ፎቅ የምታወርደው ማን ናት? እኛ ማስጠንቀቂያውን ካልሰማን፣ የሚሞቱት የእነሱም እናቶች ናቸው። ለእኛ መንገር ለእነሱም ጥቅም ነው።

ሦስተኛ «ማን ይሰማናል?» አላችሁ። ይኼ ከባዱ ነው። እኔም መልሱ በእጄ የለም። ግን በሌላ ዓለም ተደርጓል። አውስትራሊያ ውስጥ ኤስ ቢ ኤስ የሚባለው የሕዝብ ጣቢያ በብዙ የስደተኛ ቋንቋ ያሰራጫል፤ በሬዲዮው አማርኛም አለበት። የሀገራችን ጣቢያም ቢሆን አማርኛ ብቻ ብሎ አልቀረም፤ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛ፣ አፋርኛ ጨምሯል። ካልተጠየቀ ማንም አይሰጥም። ያልጮኸ ልጅ ጡት አያገኝም ይሉ የለ እናቶቻችን?

እንግዲህ እንጠይቅ የምለው ትልቅ ነገር አይደለም።

አንድ፣ ጦርነት፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ በሽታ ሲመጣ በቀን ሁለቴ አምስት አምስት ደቂቃ በቋንቋችን ይነበብ። ከስር የሚሮጠው ጽሑፍ ላይም አንድ መስመር ይጨመር።

ሁለት፣ በሰላሙ ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ስለ ኢቃማ፣ ስለ ኮንትራት፣ ስለ ሐኪም አጭር ማስታወቂያ ይተላለፍ። ማዳምም ትስማው፤ በር ቆልፎ መሄድ ወንጀል መሆኑን ከኔ አፍ ከምትሰማው ከቴሌቪዥኑ ብትሰማው ይሻላል።

ሦስት፣ አንባቢዋ ከእኛው ትሁን። ቴሌቪዥን ላይ የምንታየው ከበረንዳ ስንወድቅ ወይ አውሮፕላን ማረፊያ ስናለቅስ ብቻ ነው። አንድ ቀን እንኳን ፀጉሯን አበጥራ፣ ቀና ብላ ዜና የምታነብ እህታችንን የማዳም ልጅ ትያት። ከመካከላችን አሥራ ሁለተኛ የጨረሱ፣ ኮሌጅ የገቡም አሉ።

ደብዳቤውን በዐረብኛ የምትጽፍልን እህት ቃል ገብታለች። ለማስታወቂያ ሚኒስቴርና ለጣቢያው ነው የሚላከው። የሚቀጥለው እሁድ ፊርማ እንሰበስባለን። ስሟን መጻፍ የምትፈራ የጣት አሻራ ታድርግ፣ እሱንም የምትፈራ አታድርግ፣ ቅሬታ የለንም።

ደብዳቤው መልስ እስኪያገኝ ግን ዝም ብለን አንቀመጥ። ዜና ላይ የሚደጋገሙትን እነዚህን ቃላት ጽፋችሁ ፍሪጅ ላይ ለጥፉ፣ አዲስ ለመጡትም አስተምሩ። ዓጂል ማለት አስቸኳይ ዜና ነው፣ ብዙ ጊዜ በቀይ ይጻፋል። ኢንዛር ማስጠንቀቂያ ነው። ኢኽላእ ማለት ለቃችሁ ውጡ ነው። ቀስፍ ድብደባ ነው፤ በሰፈር ንግግር «አስፍ» ይሉታል። መልጀእ መጠለያ ነው። የምትኖሩበትን ሰፈርና የሕንፃውን ስም በዐረብኛ ሲጠራ ለይታችሁ እወቁ፤ ከሁሉም የሚበልጠው ይኼ ነው። ቀይ መስቀል 140፣ ሲቪል መከላከያ 125፣ ፖሊስ 112 ነው።

የሰፈሬ ልጅ አሁን ቃላቱን በቃሏ ታውቃለች። ባለፈው «ይኼን ያኔ ባውቅ ኖሮ ጫማዬን አድርጌ እወጣ ነበር» ብላ ስቃ አሳቀችኝ። ቴታ አሁንም አቡ ሰሊምን እያዩ ይስቃሉ፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ጣቢያውን አልጠላውም፤ ቋንቋ ያስተማረኝ እሱ ነው። ስለዚህ ነው የምጠይቀው። እነ አባባ ተስፋዬ «ልጆች» ሲሉ ጫማ የሌላትን ልጅ ጨምረው ነበር። ይኼም ጣቢያ «ውድ ተመልካቾቻችን» ሲል ወጥ ቤት በር ላይ ፎጣ ይዛ የቆመችውንም ይጨምር።

እሁድ እንገናኝ። እስክሪብቶ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።