ግማሽ በግማሽ

«ሞተረኛ የሚባል ነገር አታንሳብኝ!» አለኝ ወዳጄ፣ ገና ወንበር ሳይስብ።

«ምነው፣ ምን አደረጉህ?»

«ስፖኪዮዬን ገንጥሎት ሄደ! መሐል ለመሐል ሹልክ ብሎ፣ ቋ አድርጎ፣ ዞር ብሎም አላየኝ። ለመሆኑ ትርፍ ነፍስ አላቸው እንዴ?»

«በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ አዲስ አበባ ሞተር ስትከለክል እልል ያልከው አንተ አልነበርክም?»

«ነበርኩ። ምን ዋጋ አለው፣ ተመዝግበው ፈቃድ ይዘው ተመለሱ። አሁንማ ምሳዬን የሚያመጣልኝም ሞተረኛ ነው።»

«ታዲያ ምሳህ ሲዘገይ ደውለህ ‹የት ደረስክ?› የምትለው አንተው፣ ስፖኪዮህ ጋ ሲደርስ ‹ምን አስቸኮለው?› የምትለውም አንተው።»

ሳቀ። ሲስቅ ደግሞ ነገር ይገባዋል።

«ይሹለካሉ፣ አልክድህም» አልኩት። «ግን መንገዱን እስቲ ከሞተር ላይ ሆነህ እየው። ሚኒባሱ መሐለኛውን ረድፍ ይዞ ይከንፋል። ከኋላ ‹ወራጅ አለ!› ይባላል። ሾፌሩ ፍሬቻ የለ፣ ስፖኪዮ ማየት የለ፣ መሪውን ጠምዝዞ ጥግ ይይዛል። በቀኝ በኩል ሲመጣ የነበረው ሞተረኛ ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ የሚኒባሱ ጎን፣ ወይ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ። ከዚያ ቢተርፍ ደግሞ የቆመ መኪና በር ፊቱ ላይ ብርግድ ይልበታል።»

«እሱስ በቀኝ ምን አስኬደው?»

«እዚህ ላይ እውነት አለህ። በተለይ ሲኖትራክ ቀኝ ጎን የገባ ሞተር ለሾፌሩ የለም ማለት ነው፤ ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ አያየውም። ሞተረኛው የሾፌሩን ፊት በስፖኪዮው ውስጥ ካላየ፣ ሾፌሩም እሱን አላየውም ብሎ መቁጠር አለበት።»

«ስለዚህ ጥፋቱ የሞተረኛው ነው!»

«አትቸኩል። ሃሪ ኸርት የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሎስ አንጀለስ አካባቢ 900 የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ እየሄደ መርምሮ፣ ውጤቱ በ1981 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ነበር። ከአደጋዎቹ ሦስት አራተኛ ገደማው ሞተሩ ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር የተጋጨበት ነው። ከእነዚህ ደግሞ በሁለት ሦስተኛው የሞተረኛውን ቅድሚያ የነጠቀው ባለመኪናው ነው። ‹አላየሁትም› ነው ምክንያቱ። ለአንተም የሚሆን ቁጥር አለበት፤ አደጋ ከደረሰባቸው ሞተረኞች 92 በመቶው መንዳት የተማሩት በራሳቸው ወይም ከዘመድ ከጓደኛ ነው።»

«በመሐል መሹለኩንስ ምን አለ?»

«እሱን ያጠኑት የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው፣ በ2015 እ.ኤ.አ.። ካሊፎርኒያ ውስጥ በመኪኖች መሐል ማለፍ ይፈቀዳል። ጥናቱ እንዳለው፣ መኪኖቹ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር ካልበለጡና ሞተረኛው ከእነሱ ከ25 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ ካልፈጠነ አደጋው ያን ያህል አይከፋም። ችግሩ ያለው በፍጥነት ልዩነቱ ላይ ነው። የቆመ መኪና መሐል በ60 መክነፍ ነው ሰው የሚጨርሰው።»

«ሄልሜቱንም ክንዳቸው ላይ እንደ አምባር ነው የሚያንጠለጥሉት።»

«ያደረገውም ማሰሪያውን አይቆልፍም፤ ሲወድቅ ሄልሜቱ ቀድሞት ይሄዳል። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የገመገመ ሥራ በ2008 እ.ኤ.አ. ያገኘው ሄልሜት ሞትን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ነው።»

ወዳጄ ዝም አለ። ቀጥሎ ያወራኝ የእህቱን ልጅ ነው። ለካ ንዴቱ የስፖኪዮ ብቻ አልነበረም። ልጁ ዴሊቨሪ ይሠራል። አንድ የቤት መኪና ድንገት ታጥፋ ጣለችው። ሰው ተሰበሰበ፣ ‹እግዜር አተረፈህ፣ በቃ ተስማሙ› ተባለ፣ ባለመኪናው አምስት ሺህ ብር አስጨበጠው፣ ወረቀት ተፈራረሙ። ልጁ ወጌሻ ጋ ሄደ። ቆይቶ ራጅ ሲነሳ ቅልጥሙ ተሰብሮ ጠማማ ገጥሟል።

«አሁን መክሰስ ይችላል?» አለኝ።

«ወረቀቱ ላይ ‹ከእንግዲህ አልጠይቅም› ብሎ ከፈረመ ነገሩ ከባድ ነው። ሳይፈርም ሕግ የሚያውቅ ሰው ማማከር ነበረበት። ለዚህ ነው እዚያች መንገድ ዳር ያለችው የመጀመሪያዋ ሰዓት ከጠበቃ የምትበልጠው። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ታውቃለህ? ቁጥር 2081 ላይ መኪና እግረኛ ቢገጭ ባለንብረቱ ጥፋት ባይኖርበትም ይከፍላል ይላል። ሁለት ተሽከርካሪ ሲጋጩ ግን ቁጥር 2084 ይመጣል፤ ተቃራኒው እስካልተረጋገጠ ድረስ ሁለቱም እኩል እንዳጠፉ ተቆጥሮ ጠቅላላ ጉዳቱን ግማሽ በግማሽ ይካፈሉታል። ሞተር ደግሞ ተሽከርካሪ ነው።»

«ቆርቆሮ የለበሰውና አጥንቱ የተሰበረው እኩል?»

«እኩል። ለምሳሌ የልጁ ጉዳት 200 ሺህ፣ የመኪናዋ 20 ሺህ ቢሆን፣ ድምሩ 220 ሺህ ነው። የእያንዳንዱ ድርሻ 110 ሺህ። ልጁ የ200 ሺህ ጉዳት ስለተሸከመ ከባለመኪናው የሚያገኘው 90 ሺህ ብቻ ነው። ጥፋቱ በሙሉ ወይም በአብዛኛው የሾፌሩ መሆኑን ካስረዳ ግን ሂሳቡ ይገለበጣል። የሚያስረዳው በምንድን ነው? ትራፊክ ፖሊስ በሚያነሳው ፕላን፣ መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ በስልክ በተነሳ ፎቶ፣ በታርጋው፣ ባዩት ሰዎች ስልክ ቁጥር። ‹በቃ ተስማሙ› ሲባል እነዚህ ሁሉ ይበተናሉ።»

«ወጌሻውስ?»

«ወጌሻ ካርድ አይጽፍም። በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ አለበት። የተሽከርካሪ አደጋ ተጎጂ ድንገተኛ ሕክምና የማግኘት መብት አለው፣ በሦስተኛ ወገን መድን አዋጁ፣ በ799/2005። የሐኪም ማስረጃው በኋላ የሕክምና ቦርድ የአካል ጉዳቱን በመቶኛ ሲወስን መነሻ ይሆነዋል። የዴሊቨሪ ገቢውንም ማስረጃ ይያዝ፤ የቀረበት ገቢ ካሳ ውስጥ ይገባል።»

«ገጭቶ ቢያመልጥስ?»

«ገጭቶ ላመለጠና መድን ለሌለው መኪና የመድን ፈንድ አለ፤ ለሞትና ለአካል ጉዳት። መድን ባለው መኪና ደግሞ ኢንሹራንሱ የሚከፍለው እስከ ጣሪያው ነው፤ ቀሪውን ከባለንብረቱ በፍርድ ቤት መጠየቅ ነው።»

«የጠበቃውን ማን ይከፍላል? የዳኝነቱንስ?»

«የዳኝነት መክፈል ያቃተው በድሀ ደንብ መክሰስ ይችላል፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ይፈቅዳል። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው። ብቻ አይዘግይ። የካሳ ክስ በመሠረቱ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ድርጊቱ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ከሆነ ነው የሚራዘመው።»

«እንግዲህ ሽምግልና ይቅር ልትለኝ ነው?»

«ምን በወጣው! ሽማግሌው ይምጣ። ግን ፕላኑ ከተነሳ፣ ሐኪሙም ካየው በኋላ ይምጣ።»