«ደርሳለች» እና «ምን ታውቃለች»

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ሲባል እየሰማሁ አደግሁ። ተረቱ በሚነገርበት ቤት ግን ሊጡን የምታቦካው አብዛኛውን ጊዜ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበረች፤ ቤተ ሰቡም እራቱን በልቶ ያድር ነበር።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ አካል በጊዜው ማደጉ የተፈጥሮ ሥራ ነው። ልጅነት የት ላይ እንደሚያበቃ የሚቈርጠው ግን ማኅበራችን ነው፤ የሚቈርጠውም ጥቅሙን እያየ ነው።

በ1975 ዓ.ም. በገጠር ሳስተምር፥ ዐሥራ ሦስት ዓመት ገደማ የሆናት አንዲት ተማሪዬ ልትዳር መሆኑን ሰምቼ ወደ አባቷ ሄድሁ። «ደርሳለች» አለኝ። እርስዋስ ምን ትላለች ብዬ ብጠይቀው፥ «ልጅ ምን ታውቃለች፥ መምህር?» አለ። ሁለቱንም ቃል የተናገረው አንድ ስኒ ቡና ጠጥተን ሳንጨርስ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያደገበትን ነው የተናገረው። እኔም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ታላቅን ማክበር በሚገባ ተምሬ ነበርና፥ ዝም ብዬ ተመለስሁ።

ነገሩ የገበሬው ብቻ አይምሰላችሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ወንድም ሴትም 18 ዓመት እስኪሞላቸው ለአካለ መጠን አልደረሱም ይል ነበር፤ ለጋብቻ ግን ለወንዱ 18፥ ለሴቲቱ 15 ብሎ ወሰነ። በራስዋ ውል በሬ ለመሸጥ ልጅ የሆነችው፥ ለባል ደርሳለች ማለት ነው! በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 አደረገው። በነዚያ 40 ዓመታት የሴት ልጅ አካል ሦስት ዓመት አልዘገየም፤ የተለወጠው የሕግ አውጪው ዓይን ነው።

«እንግዲያ ሁሉ ልማድ ከሆነ፥ ማን ማንን ይነቅፋል?» የሚሉ አሉ። ይህ የሰነፍ ክርክር ነው። ሰው የሠራውን ሰው ይጠየቅበታል፤ ሰማይ የሠራው ቢሆንማ ኖሮ ከማን ጋራ እንሟገት ነበር?

እኔም ከዚህ አልጸዳሁም። አርፍዶ የመጣውን ተማሪ «ትልቅ ሰው ሆነህ አታፍርም?» ብዬ ገርፌአለሁ፤ ውሃ ቀድቶ መምጣቱን ሊነግረኝ አፉን ሲከፍት፥ «ዝም በል፤ ልጅ ለታላቅ አይመልስም» ብዬአለሁ።

የዚያች ተማሪ ስም በክፍል መዝገቡ ላይ «በፈቃዷ አቋረጠች» ተብሎ ተጽፏል። የጻፍሁት እኔ ነኝ።