ባለቤት አለው?

በምሠራበት ግቢ፣ ከዘበኛው ቤት ጀርባ፣ ቢዘጉት የማይዘጋ አንድ ቧንቧ አለ። ጠብ… ጠብ… ማለት ከጀመረ ስንት ወር እንደሆነው የሚያስታውስ የለም። ሁላችንም ስናልፍ እንሰማዋለን፤ ሰምተንም እናልፋለን። አንድ ቀን ማታ ከሥራ ስወጣ ባዶ የሃያ ሊትር ጄሪካን ከሥሩ አስቀመጥኩ። ጠዋት ስመለስ ከግማሽ በላይ ሞልቶ አገኘሁት። የሌሊቱ ብቻ ይህን ያህል ከሆነ፣ በሙሉ ቀን አንድ ጄሪካን፣ በዓመት ከ7,000 ሊትር በላይ መሆኑ ነው።

ይህን እያሰላሁ ቆሜ ሳለ ግቢውን የሚያጸዱት እናት መጥረጊያቸውን ይዘው መጡ። ጄሪካኑን አዩት፤ እኔን አዩኝ። ከዚያም ዝቅ ባለ ድምፅ «ልጄ፣ ይኼ ውሃ ባለቤት አለው?» አሉኝ።

እንደሌለው ነገርኳቸው። ማታ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ በጀርባቸው አዝለውት ወጡ። ጥያቄያቸው ግን ሲከነክነኝ ሰነበተ።

ውሃ ጄሪካን ውስጥ ሲገባ ባለቤት ያገኛል። የተሸከመው ጀርባ ክብደቱን ያውቀዋል፤ ሃያ ሊትር ውሃ ሃያ ኪሎ ነው። በጭሮ ዳገታማ ሰፈሮች፣ ውሃ በሸክም በሚገባበት ቤት፣ አንዱ ውሃ ሁለትና ሦስት ሥራ ይሠራል። ጎመን የታጠበበት ወለል ይወለወልበታል፤ ልብስ የተለቀለቀበት የደጁን አቧራ ያበርዳል። እንግዳ እጁን ሲታጠብ አስታጣቢዋ ማንቆርቆሪያዋን በልኩ ታዘነብላለች፤ ታጣቢውም «ይበቃኛል» ለማለት ይፈጥናል። ለሶላት የሚዘጋጀው ሰው በአንድ ጆግ ከእጁ እስከ እግሩ ያዳርሳል፤ በወራጅ ወንዝ ዳር እንኳ ቢሆን ውሃ ማባከን የተነቀፈ መሆኑን ከልጅነቱ ሰምቷል። ይህን ሁሉ በስብሰባ አዳራሽ ያስተማረን የለም።

እኛው ራሳችን ግን ጠዋት ቢሮ ስንገባ ሌላ ሰው እንሆናለን። ሳሙና እስክንፈልግ ቧንቧው ይፈሳል። የመጸዳጃው ውሃ ሲንሿሿ ያድራል። የመሥሪያ ቤቱ መኪና በውሃ ጎማ ይታጠባል። ውሃው ክብደት የለውማ! ማንቆርቆሪያ ይዞ ፊታችን የቆመ ሰው ስለሌለ የምናፍረው ሰው የለም። ሒሳቡንም የሚከፍለው «መንግሥት» ነው፤ መንግሥት ደግሞ በእኛ አነጋገር ማንም ማለት አይደለም።

ባለቤት ያጣ ውሃ መጨረሻው ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። ከጭሮ ተነሥቶ በሂርና በኩል ወደ ሐረር የሚሄደው መንገድ ሐሮማያን ያልፋል። ሐረርን ለብዙ ዓመታት ያጠጣው የሐሮማያ ሐይቅ በ1997 ዓ.ም. ገደማ ደረቀ። ገበሬው ለጫቱና ለአትክልቱ በሞተር ሳበ፤ ከተማው ለቧንቧው ሳበ፤ ከተራቆቱት ኮረብቶች የወረደው ደለል ወለሉን ሞላው። ሁሉም የየራሱን ወሰደ እንጂ ሐይቁን ላድርቅ ብሎ የተነሣ አንድም ሰው አልነበረም። ሐረርም ከድሬዳዋ በኩል በረጅም ቧንቧ ውሃ እስኪመጣላት ለዓመታት ተጠማች። በቅርብ ዓመታት ሐይቁ እንደገና ውሃ ይዞ መታየቱ ደስ ያሰኛል። ደስታው ግን ያንን ደረቅ ወለል ሊያስረሳን አይገባም።

«ሐይቅ የሚያደርቅ ሞተር ባለበት አገር የአንድ ቧንቧ ጠብታ ምን ቁም ነገር አለው?» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። እኔም የማነሣው ጠብታው ሐይቅ ይሞላል ብዬ አይደለም። ዳገት ለምትወጣ ሴት ስለ ቁጠባ መስበክማ ድፍረት ነው፤ ቁጠባን ከእርሷ በላይ ማን ያውቃል? ስብከቱ መሄድ ያለበት ውሃ ሳይከብደው ወደሚደርሰው ዘንድ ነው፤ ወደ ቢሮው፣ ወደ ሆቴሉ፣ እንደ እኔ ቧንቧ ግቢው ወደ ገባለት ሰው።

ሥራው ደግሞ ከባድ አይደለም። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው አንዲት የተበላች ጎማ መቀየር ነው። በመጸዳጃው ታንከር ውስጥ በውሃ የተሞላ ጠርሙስ ቢቀመጥ በእያንዳንዱ መልቀቅ የጠርሙሱን ያህል ውሃ ይተርፋል። በ100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1,000 ሊትር ወረደ ማለት ነው፤ ሃምሳ ጄሪካን። ከጨርጨር ተራሮች በሰሜን የሚወርደው ውሃ ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ለባሕር እንኳ የሚተርፍ ውሃ የለንም።

ስለ ቧንቧው ለሚመለከተው ክፍል አመለከትኩ። «ይጠገናል» ተባልኩ። ይህን ስጽፍ ግን ገና ጠብ ይላል፤ ጄሪካኑም ከሥሩ አለ፤ እኚያ እናትም ማታ ማታ ይዘውት ይሄዳሉ። እውነቱን ለመናገር ቧንቧው የሚጠገንበትን ቀን እፈራዋለሁ። ያን ቀን እኛ ውሃ ቆጠብን ብለን ስንደሰት የእርሳቸው ጄሪካን ባዶውን ይቀራል። ያዳንነው ውሃ ለማን እንደሚደርስ ካልጠየቅን፣ ቁጠባችን የሒሳብ ወረቀት ከማሳመር አያልፍም።

ስለዚህ ቧንቧው ይጠገን፤ ዛሬውኑ ይጠገን። ከተጠገነ በኋላ ግን እኚያ እናት ማንንም ሳይፈሩ፣ ድምፃቸውንም ዝቅ ሳያደርጉ፣ ከፍተው ይቅዱበት። ያን ጊዜ «ባለቤት አለው?» ብለው ቢጠይቁኝ፣ «አዎ፣ እርስዎ ነዎት» ብዬ ብመልስላቸው እወዳለሁ።