ቡታጅራን ባይጠሩ ይሻላቸው ነበር

«በወልቂጤና በቡታጅራ ሶሲዮሎጂ የተማረን የሚቀጥር የለም፤ የጉራጌ ልጅ ይልቅ ንግዱን ያጧጡፍ» የሚለውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው ቡታጅራን ባይጠሩ ይሻላቸው ነበር።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጀመረው ሥራ በቡታጅራ ዙሪያ ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ቤት ለቤት ሲመዘገብ ኖሯል። ቆይቶም በአእምሮ ሕመም ላይ በተደረገ ጥናት ከ68 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ተጠይቀዋል። የሚገርመው፣ መጠይቁ ያለፋቸውን ሕሙማን የጠቆሙት ጎረቤቱን አብጠርጥረው የሚያውቁ የመንደር ሰዎች ናቸው። ማን እንደሚጠየቅ፣ ቤተሰብስ ሕመምተኛውን ለምን እንደሚደብቅ ማጥናት የማን ሙያ ሊሆን ነው? ሐኪሙ ብቻውን አይደርስበትም።

ንግዱም ቢሆን ዕቁብ አለበት። ያለ ባንክ መያዣ ገንዘብ የሚዞረው በመተዋወቅና በይሉኝታ ነው፤ ይህን ያልተረዳ አበዳሪ ይከስራል።

በአንድ ነገር ግን እስማማለሁ፦ «ሶሲዮሎጂስት ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ እምብዛም አይለጠፍም። ሥራው የሚወጣው በሌላ ስም ነው፤ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ፣ የፕሮጀክት ክትትልና ግምገማ ባለሙያ፣ መንገድ ሲሠራ ከይዞታቸው ስለሚነሱ ሰዎች የሚያጠና። ናሙና ማውጣትና መረጃ መተንተን ሳይለማመድ የተመረቀ ግን በእርግጥ ይቸገራል። ጸሐፊው ክሳቸውን በአስተማሪዎቹና በሥርዓተ ትምህርቱ ላይ ቢያቀርቡ ኖሮ እኔም አብሬ እፈርም ነበር።