ሰማዩ ሲጠራ ጣና ይሞላል

መስከረም ሲጠባ ስለ ጣና ዙሪያ የአየር ጠባይ የሚነገረን ነገር ከዓመት ዓመት ብዙም አይለዋወጥም። ዝናቡ ከሰሜን ምሥራቅ ጀምሮ ቀስ እያለ ይወጣል፣ በምዕራቡ በኩል ግን ሰንበትበት ይላል። ጠዋት ይጠራል፣ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ያለበት፣ አንዳንዴም በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይጥላል። ጥቅምት ሲገባ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ይኼ ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ለሚኖር ሰው ጃንጥላ ልያዝ አልያዝ ብሎ ለመወሰን በቂ ነው። ለፎገራና ለደምቢያ ገበሬ ግን አይበቃውም። ትንበያው የሚያወራው ከላይ ስለሚመጣው ውሃ ነው፤ የሐይቅ ዳር ሰው በዚህ ወር የሚፈራው ደግሞ መሬት ለመሬት የሚመጣውን ነው።

ዝናቡ የሚከብደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ሐይቁ ግን አፉ ድረስ የሚሞላው ዘግይቶ፣ ዝናቡ መቀነስ ከጀመረ በኋላ፣ መስከረም ላይ ነው። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ክረምቱን ሙሉ የሰበሰቡትን ተሸክመው ይገቡበታል። የተፈጥሮ መውጫው ግን አባይ ብቻ ነው። ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ቢደርስ ነው። ዝርግ ሳህን በሉት። ትንሽ ከፍ ባለ ቁጥር ብዙ መሬት ይውጣል።

ርብና ጉማራ ሁለቱም የሚነሡት ከጉና ነው። ስለዚህ ወረታ ላይ ፀሐይ ወጥታ፣ አደይ አበባው ፈክቶ፣ ሰው በዓሉን እያከበረ ሳለ፣ ጉና ላይ ማታ የጣለው ዝናብ ወርዶ ሜዳው ላይ ሊያድር ይችላል። በዚያ ላይ ደለሉ የወንዞቹን ሆድ እየሞላው ስለሆነ ውሃው ከዳር መገንፈል ይቀናዋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ አገሩ ሁሉ ስለ ድሬዳዋና ስለ ኦሞ ጎርፍ ሲያዝን፣ በዚያው ሰሞን ፎገራና ደምቢያም ውሃ ውስጥ ነበሩ፤ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ወጥቷል። በዚያ ሰሞን «ዝናቡ እየወጣ ነው» ቢባል ስለ ሰማዩ ትክክል ይሆን ነበር፤ ቤቱ ውሃ ለገባበት ሰው ግን ምንም አይረባውም።

የውሃው አመጣጥ ብቻ አይደለም፤ አካሄዱም ወሳኝ ነው። ሐይቁ ዳር «ባሕር ሸሽ» የሚባል እርሻ አለ። ውሃው ሲሸሽ ገበሬው እግር በእግር እየተከተለ፣ ጭቃው ሳይደርቅ ይዘራል። ከሐይቁ ራቅ ባለው ጥቁር መሬትም ሽምብራና ጓያ የሚበቅሉት በቀረው እርጥበት ነው። ቀድሞ የዘራ ውሃው ቢመለስበት ዘሩን ያጣል፤ የዘገየ ደግሞ እርጥበቱ ያመልጠዋል። የቀናት ጨዋታ ነው። ዘር ተበድሮ ለሚዘራ ሰው ደግሞ የቀናት ስህተት ማለት የዓመት ዕዳ ነው።

እዚህ ላይ ነው እኔን የሚከነክነኝ። ሐይቁ መቼና ምን ያህል እንደሚወርድ ዛሬ የፈጣሪ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1980ዎቹ መጨረሻ የጨረጨራ ግድብ በአባይ መውጫ ላይ ተሠርቷል። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ጣቢያ ከሐይቁ ውሃ በዋሻ ይወስዳል። ማለትም በሩን የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው አለ። መብራት ያስፈልገናል፣ በዚህ አልከራከርም። ግን በሩን የሚይዘው ሰው የሚያውቀውን፣ ዳር ላይ ዘር ይዞ የቆመው ሰው ለምን አይሰማም?

የትንበያ ባለሙያውን መውቀስ አልፈልግም። «ከመደበኛ በላይ»፣ «መደበኛ»፣ «ከመደበኛ በታች» ሲል እየነገረን ያለው ዕድልን ነው እንጂ ቃል እየገባልን አይደለም። ችግሩ ይኼ አነጋገር ቀበሌ ሲደርስ ወይ «ይዘንባል» ወይ «አይዘንብም» ሆኖ ማረፉ ነው። ያኔ ሰዉ ወደሚያውቀው ይመለሳል፤ ደመራው ወደየት ወደቀ ብሎ የዓመቱን መልክ ያያል። (አባቶቻችን በዚህ መተዳደራቸውን አልንቅም፤ በእነሱ ጊዜ ግን ሐይቁ በር አልነበረውም።)

እኔ የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ሚቲዎሮሎጂው፣ የተፋሰሱን ውሃ የሚለካውና ኃይል የሚያመነጨው አካል በመስከረምና በጥቅምት በየሳምንቱ አንድ አጭር መግለጫ አብረው ያውጡ። ሐይቁ ዛሬ የት ደረሰ፣ ካለፈው ሳምንት ጨመረ ወይስ ቀነሰ፣ ጉና ላይ ምን ያህል ዘነበ፣ በሚቀጥሉት ቀናት ከበሩ ምን ያህል ይለቀቃል። በሬዲዮ ይነገር፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም በገበያ ቀን ይድገመው። ቁጥሩም «ይህን ያህል ሚሊ ሜትር» ተብሎ አይቅር፤ «ውሃው እዚህ ድረስ ሊመጣ ይችላል» ተብሎ ሰዉ በሚያውቀው ዛፍና ቤተ ክርስቲያን ይተርጎም።

የጤና ጣቢያውም በዚሁ መግለጫ ውስጥ ቦታ ይኑረው። ውሃው ሸሽቶ የሚተወው ኩሬ የወባ ትንኝ መፈልፈያ ነው፤ የወባው ዋና ወቅትም ክረምቱ እንደወጣ፣ ሰዉ አጨዳ ላይ ደፋ ቀና በሚልበት ጊዜ ይጀምራል። ውሃው ከየትኛው ቀበሌ መሸሽ እንደጀመረ የታወቀ ዕለት፣ አጎበርና መድኃኒት ወዴት ቀድሞ መሄድ እንዳለበትም አብሮ ይታወቃል።