ይሉኝታና የምስጢር ቁጥር

አንባቢ ሆይ፣ ሌባ ቤትህን ሰብሮ ቢገባ ሰፈሩ እስኪሰማ ድረስ «ኡኡ» ትላለህ። በስልክ አታሎ ገንዘብህን የወሰደብህ እንደ ሆነ ግን አፍህን ይዘህ ትቀመጣለህ። መሰረቅ አያሳፍርም፤ መታለል ግን ያሳፍራልና። እኔ እንደሚመስለኝ የስልክ አታላዮችን ያበረታቸው ከብልጠታቸው ይልቅ ይህ የእኛ ዝምታ ነው።

አክስቴ በጡረታ የሚኖሩ፣ ቤተ ዘመዱ ሁሉ የሚያከብራቸው ሴት ናቸው። አንድ ማታ ከጎረቤታቸው ልጅ በቴሌግራም መልእክት ደረሳቸው። «እትዬ፣ በስሕተት ወደ ስልክዎ የተላከ የአምስት አሃዝ ቁጥር አለ፤ እባክዎ ይላኩልኝ» ይላል። ስሙም ፎቶግራፉም የልጁ ነበር። ቁጥሩን የያዘው መልእክት ለማንም እንዳይሰጥ ያስጠነቅቃል፤ ማስጠንቀቂያው ግን በእንግሊዝኛ ስለ ነበር አላስተዋሉትም። ቢያነቡትም ኖሮ የሚመለሱ አይመስለኝም። ዓይናቸው እያየ ያደገ የጎረቤት ልጅ እንዴት እምቢ ይባላል? ቁጥሩን ላኩለት።

ልጁ ግን እርሱ ራሱ በዚሁ መንገድ ተታሎ አካውንቱን የተነጠቀ ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው። ማንም ሰው የአንተን የስልክ ቁጥር በራሱ ስልክ ላይ ጽፎ በስምህ ለመግባት ሊሞክር ይችላል፤ የመግቢያው ቁጥር የሚላከው ግን ወደ አንተ ነው። ስለዚህ ሌባው ቁልፍ አይሰብርም፤ ቁልፉን ከባለቤቱ እጅ ይለምናል። ልመናውም ምንም አያስወጣው፤ ለብዙ ሰው ጽፎ አንድ የዋህ ቢያገኝ ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ1978 አንድ አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ሻጭ አራት መቶ ለሚያህሉ ሰዎች ያልጠየቁትን ማስታወቂያ በኤሌክትሮኒክ መልእክት ልኮ ብዙዎቹን አስቆጥቶ ነበር። የዚያን ጊዜው ሰው ዕቃ ሊሸጥ ነው የጻፈው፤ የዛሬዎቹ ርካሹን መንገድ ለሌላ ሥራ አዋሉት።

ከሁለት ቀን በኋላ የአክስቴ ቴሌግራም አልከፈት አለ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባቸው፤ ነገር ግን «በዚህ ዕድሜዋ ተታለለች ይሉኛል» ብለው ለማንም አልተነፈሱም። በዚያ መካከል ሌባው በስማቸው ለዘመድ ሁሉ ይጽፍ ነበር። «ታምሜ ሐኪም ቤት ነኝ፤ ገንዘብ ቸግሮኛል፤ መናገር አልችልምና አትደውሉልኝ» ይል ነበር። ቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ የአጎቴ ልጅ የሁለት ወር ደመወዟን በማታውቀው ሰው ሒሳብ አስገባች። ገንዘቡን የላከችው አክስቴ ዝም ባሉ በሦስተኛው ቀን ነበር።

«ጥፋቱ የተታለለው ሰው ነው፤ ለምን አይጠነቀቅም?» የሚሉ አሉ። ከዚህ አስተያየት ጋር አልስማማም። እንዲህ የሚሉት ሰዎች ሳያውቁት ለሌባው ያግዛሉ፤ የሚቀጥለው ተታላይ አፉን እንዲዘጋ ያስተምሩታልና። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒዩተር ማታለልን በወንጀል ያስቀጣል። ነገር ግን ከሳሽ ቀርቦ ካልተናገረ ፖሊስ ምን ይዞ ይነሣል?

ስለዚህ አንተም እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስብህ በመጀመሪያ የምታደርገው ለዘመድ ወዳጅ ሁሉ ደውሎ መናገር ይሁን፤ እፍረቱ በኋላ ይደርሳል። ከዚያ በቴሌግራም ማስተካከያ ውስጥ በአካውንትህ የገቡትን መሣሪያዎች ዝርዝር ተመልክተህ የማታውቀውን አስወጣ። አዲስ የገባ መሣሪያ ባለቤቱን ወዲያው ሊያስወጣ አይችልምና የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የአንተ ናቸው። ከአምስቱ አሃዝ ሌላ አንተ ብቻ የምታውቀው የይለፍ ቃል የሚያስጨምር ሁለተኛ መቆለፊያም አለ፤ ሳይቸግርህ አስቀድመህ አብጀው። ቁጥር የጠየቀህ ወዳጅ ቢኖር ደግሞ በቀጥታ ደውለህ ድምፁን ስማ።

አክስቴ ዛሬ ይህንን ያደርጋሉ። ገንዘብም ሆነ ቁጥር የሚጠይቅ መልእክት ሲመጣ ሳይመልሱ ይደውላሉ፤ «አንተ ነህ የጻፍህልኝ?» ብለው ስለ ልጆቹና ስለ ሥራው ጠይቀው ያረጋግጣሉ። «እኛንም እንደ ሌባ ትጠረጥረናለች» ብሎ የተቀየመ ዘመድ አለ። እርሳቸው ግን እርሱንም በሰላምታ ጀምረው መጠየቃቸውን አልተዉም።