ፌክ ቻርጀር በሁለት ሳምንት ይታወቃል፤ ፌክ የእሳት ማንቂያስ?

ፌክ ቻርጀር ብትገዙ ብዙም ሳትቆዩ ታውቁታላችሁ። ይግላል፣ ስልኩን ቶሎ አይሞላም፣ ወይ ጭራሹኑ ይሞታል። ፌክ ጫማም ክረምት ሲገባ ራሱን ያጋልጣል። ብሩ ያንገበግባል እንጂ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

ፌክ የጭስ ማንቂያ ግን እንደዚህ አይደለም። ጣሪያ ላይ ተለጥፎ፣ ትንሿን መብራት ብልጭ ድርግም እያደረገ ለዓመታት ዝም ብሎ ሊኖር ይችላል። መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቀው እሳት በተነሳበት ሌሊት ነው። ያኔ ደግሞ መልስልኝ፣ ቀይርልኝ የለም።

አትላንታ ምን ሆነ?

በአሜሪካዋ አትላንታና አካባቢዋ ብዙ ሐበሻ እንደሚኖር ታውቃላችሁ። የከተማዋ እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ለነዋሪዎች የጭስ ማንቂያ በነጻ ያድል ነበር። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ መግዛት የማይችል ሰው እንዳይቃጠል።

እ.ኤ.አ. በ2011 ግን የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን ያልተጠበቀ ማስጠንቀቂያ አወጣ። እስከዚያ ዓመት ግንቦት ድረስ ከታደሉት ማንቂያዎች ውስጥ 18,500 የሚሆኑት ፌክ ናቸው። የተሠሩት ቻይና ነው። ጀርባቸው ላይ «ዩኤል» የተባለው የታወቀ የአሜሪካ የምርት ደህንነት ፈታሽ ድርጅት ምልክት ተለጥፎባቸዋል፤ ድርጅቱ ግን አልፈቀደም። ጭስ የመለየት አቅማቸው ደካማ ነው፣ የጩኸታቸው ምት ትክክል አይደለም፣ እሳት ቢነሳም ላይጮሁ ይችላሉ።

ልብ በሉ፣ ያደለው ሥራው እሳት ማጥፋት የሆነ መሥሪያ ቤት ነው። አምስት ዓመት ሙሉ። ባለሙያዎቹ በዓይን አይተው ካልለዩት፣ እኛ መርካቶ ሱቅ በር ላይ ቆመን በምን እንለየዋለን?

የሚሰረቀው ምርመራው ነው

አሁን በብዛት ያለው የጭስ ማንቂያ አሠራሩ ቀላል ነው። ውስጡ ጨለማ የሆነች ትንሽ ክፍል አለች። እዚያ ውስጥ አንዲት መብራትና አንድ ብርሃን ተቀባይ አሉ፤ መብራቷ ግን ቀጥታ ተቀባዩ ላይ እንዳታርፍ ተደርጋ ነው የተቀመጠችው። ጭስ ሲገባ ብርሃኑ ይበተንና ተቀባዩ ላይ ያርፋል። በቃ፣ ይጮሃል።

ይህን አስመስሎ መሥራት ከባድ አይደለም። ከባዱና ገንዘብ የሚበላው ማስመርመሩ ነው። ቀስ ብሎ በሚጨስ እሳትም፣ ቦግ ብሎ በሚነድም፣ በሙቀትም፣ በእርጥበትም ተፈትኖ በሁሉም ማለፍ አለበት። ፌክ ሠሪው ይህን ሁሉ ይዘለውና ምልክቱን አትሞ ይለጥፋል። ርካሽ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ገበያው ደግሞ ትንሽ አይደለም። ኦኢሲዲ እና የአውሮፓ ኅብረት የአእምሯዊ ንብረት ቢሮ አብረው ባወጡት ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ንግድ ውስጥ የተዘዋወረው ሐሰተኛ ዕቃ እስከ 464 ቢሊዮን ዶላር ይገመታል። ከዓለም ንግድ 2.5 በመቶ መሆኑ ነው።

ታዲያ ተጠያቂው ማነው?

ሠሪው ሩቅ ነው፣ ስሙም አይታወቅም። ሻጩ «እኔም ገዝቼ ነው» ይላል። በመሃል ያለውስ?

ይህ ጥያቄ አሜሪካን ራሷን እያከራከረ ነው። ያው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2021 አማዞንን ከሰሰ። ከክሱ አንዱ 24,000 ገደማ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያዎችን ይመለከታል፤ ይህ መርዛማ ጋዝ ሲኖር መጮህ ሲገባቸው የማይጮሁ ናቸው። አማዞን «ዕቃው የሌሎች ነጋዴዎች ነው፣ እኔ አቀባይ ብቻ ነኝ» ሲል ተከራከረ። ኮሚሽኑ በ2024 «አይደለህም፣ አከፋፋይ ነህ፣ ኃላፊነት አለብህ» ብሎ ወሰነ። አማዞን በ2025 ውሳኔውን በመቃወም ፍርድ ቤት ሄዷል።

እንግዲህ አድራሻው የሚታወቅ ግዙፍ ኩባንያ ላይ ይህን ያህል ክርክር ካለ፣ ስልክ ቁጥር ብቻ ያለው የቴሌግራም ሱቅ ላይ ምን ሊሆን ነው? ነገ ቻናሉ ቢጠፋ ማንን ትይዛላችሁ?

ወደ ቤታችን ስንመጣ

አዲስ አበባ ወደ ላይ እየረዘመች ነው። ኮንዶሚኒየሙ፣ አፓርታማው፣ ሆቴሉ፣ የገበያ ማዕከሉ። ፎቅ ላይ ለሚተኛ ሰው ደቂቃ ማለት ነፍስ ናት። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ የተነሳውን እሳት ሁላችንም በስልካችን አይተነዋል። የዚያ እሳት ጉዳይ የማንቂያ ጉዳይ ነበር እያልኩ አይደለም። ግን ሱቅና ሱቅ በተጠጋጋበት፣ መንገድ በጠበበበት ከተማ፣ ቶሎ ማወቅ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚያ በላይ ማሳያ የለም።

አሜሪካ ውስጥ በመኖሪያ ቤት እሳት ከሚሞቱ አምስት ሰዎች ሦስቱ የሚሞቱት ማንቂያ በሌለበት ወይም ያለው በማይሠራበት ቤት ነው። «ኖሮ የማይሠራው» እዚያው ከሌለው ጋር አብሮ መቆጠሩን አስተውሉ። እንዲያውም የባሰ ነው ባይ ነኝ። ማንቂያ እንደሌለው የሚያውቅ ሰው ይጠነቀቃል፤ አለኝ ብሎ የሚያምን ግን ተኝቷል።

ስለዚህ ሕንፃ ሲመረመር ጥያቄው «ማንቂያ ተገጥሟል ወይ?» ብቻ ከሆነ፣ ፌኩም ያልፋል። ጥያቄው «ጭስ ሲደርሰው ይጮሃል ወይ? ከየት መጣ? ማን መረመረው?» መሆን አለበት።

እስከዚያው እኛ ምን እናድርግ?

1. «ሲኢ» የሚለው ምልክት ብቻውን አያሳምናችሁ። ለቤት የሚሆን የጭስ ማንቂያ ላይ ከምልክቱ ጋር አራት አሃዝ ያለው የመርማሪ ተቋም ቁጥር፣ እንዲሁም «ኢኤን 14604» የሚል የደረጃ ቁጥር በላቲን ፊደል መኖር አለበት። እነሱም ሊኮረጁ ይችላሉ፤ ከሌሉ ግን ጭራሽ አትግዙ።

2. «ዩኤል» የሚል ካለ ሞዴሉን የድርጅቱ የኦንላይን መዝገብ ላይ ፈልጉት። በስልካችሁ ይሠራል፣ ነጻ ነው።

3. የተሠራበትን ቀን እዩ። ኦሪጅናሉም ቢሆን 10 ዓመት ካለፈው ይቀየራል።

4. የመሞከሪያ አዝራሩ ጮኸ ብላችሁ አትዘናጉ። ፌኩም ይጮሃል። አዝራሩ ሲጮህ ባትሪውና ድምፁ እንዳለ ታውቃላችሁ እንጂ ጭስ ይለይ አይለይ አታውቁም። ባለሙያ ለዚሁ በተሠራ ስፕሬይ ይፈትነው።

5. ደረሰኝ ያዙ። ደረሰኝ የማይሰጥ ሻጭ ነገ አላውቃችሁም ይላል።

የአዲስ አበባ እሳት አደጋ ቁጥር 939 ነው፣ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።

ዛሬ ማታ ደግሞ ቤት ስትገቡ፣ ሊፍቱ ጋ ወይም ኮሪደሩ ላይ ያለችውን ነጭ ክብ ነገር ቀና ብላችሁ እዩአት። ከዚያ የሕንፃውን አስተዳዳሪ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት፤ «ይቺ ለመጨረሻ ጊዜ በጭስ የተፈተነችው መቼ ነው?» መልስ ካጣ፣ እናንተም መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።